ፊደላችን በሰሌዳ ላይ፣ ሰዓቱም እየሄደ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ጥቂት እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ለዚሁ ትምህርት እንዲያገለግል እየተዘጋጀ ስላለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ብናገር ይሻላል ብዬ ነው ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት። ጨዋታው በሰሌዳ ላይ ፊደል እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት፣ በሰዓት የሚካሄድ፣ ፈጠን ያለ ጨዋታ ነው። «በዚህ በተከበረ ቀን ደግሞ የጨዋታ ወሬ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ምግቡ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹም ይናገራሉ። ፊደል ቁጠሩ ሲባሉም ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወጡታል። ነገር ግን ከመካከል አንዱን ፊደል ነጥላችሁ «ይህ ማን ነው?» ብትሏቸው ከረድፉ መጀመሪያ ተነሥተው እየቆጠሩ ካልደረሱበት በቀር ስሙን አይነግሯችሁም። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቁትም ማለት ነው። የድሮዎቹ የኔታ ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ተማሪው በቃሉ እንዳያታልላቸው ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ እያዘለሉ ይጠይቁት ነበር። እንግዲህ ጨዋታው የኔታን ተክቶ ፊደሉን እያዘለለ ይጠይቅልናል። ሰዓት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ልጁ ከሀ ጀምሮ ለመቁጠር ጊዜ ካገኘ ይቆጥራል፣ ጊዜ ካጣ ግን ፊደሉን በመልኩ ለመለየት ይገደዳል።

ይህን መሰሉ ጨዋታ በሌላው ዓለም አዲስ አይደለም። አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ሥራውን አጥቶ ሳለ፣ በኋላ ስክራብል የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ያደረገው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ጋዜጣ ዘርግቶ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። በእንግሊዝኛው ስክራብል ዛሬም ቢሆን ብዙ የሚመጣው ኢ 12 ጠጠር ሲኖረው ዋጋው 1 ነጥብ ነው፤ እምብዛም የማይመጡት ኪውና ዚ ግን አንዳንድ ጠጠር ብቻ ኖሯቸው 10 ነጥብ ያስገኛሉ። (ጠጠር የምለው ፊደሉ የተጻፈበትን ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ስሙን ከገበጣ ተውሼዋለሁ።) ኤስ ደግሞ በ4 ጠጠር ተወስኗል። በእንግሊዝኛ በስም መጨረሻ ኤስ ሲጨመር ብዙ ቁጥር ስለሚሆን፣ ኤስ የበዛለት ሰው ምንም ሳያስብ ነጥብ ይሰበስብ ነበርና። ጨዋታው ስክራብል በሚል ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን ይህን ስም ያወጣለት ጄምስ ብሩኖት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ቦግል ደግሞ 16 የፊደል ዳዶችና የ3 ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት ያለው ሲሆን፣ ሁሉም ተጫዋች በአንድ ጊዜ ቃል እየፈለገ ይጽፋል። እኛ የምንፈልገው ከሁለቱ መካከል ያለውን ነው፤ የመጀመሪያውን ሰሌዳ፣ የሁለተኛውን ጥድፊያ።

የአማርኛውን ለመሥራት ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የእንግሊዝኛውን ሰሌዳ እንዳለ ወስዶ ኤ፣ ቢ፣ ሲን በሀ፣ ለ፣ ሐ መተካት ነው። ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ቀላል ሒሳብ ነው። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ ስላላቸው 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏን፣ ሟን፣ ቋን ሳንቆጥር ማለት ነው። ስክራብል ያሉት ጠጠሮች 100 ናቸው። እኛም በ100 ጠጠር እንጫወት ብንል ከግማሽ የሚበልጠው ፊደል አንድም ጠጠር አይደርሰውም። ጠጠሩን እናብዛው ብንል ደግሞ ተጫዋቹ ሰባት ጠጠር ሲያወጣ ዡ፣ ጴ፣ ኞ፣ ጬ፣ ፑ፣ ሔ፣ ዦ ይደርሱትና ዐይኑን እንዳፈጠጠ ሰዓቱ ያልቅበታል። በእነዚህ ሰባት ፊደላት ቃል የሚሠራ ሊቅ ካለ እኔ በበኩሌ ጠላ እጋብዘዋለሁ።

መፍትሔው የተገኘው ከቋንቋችን ጠባይ ነው። ሰ፣ በ፣ ረን ያዙና መልካቸውን እየለዋወጣችሁ ሞክሩ፤ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብር፣ ስባሪ ይሆናል። ሦስቱ ፊደላት እንደ አጥንት ባሉበት ጸንተው ሰባቱ መልኮች እንደ ሥጋ ይለብሷቸዋል። ስለዚህ በእኛ ጠጠር ላይ የሚጻፈው ግዕዙ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ጠጠሩን ሰሌዳው ላይ ሲያሳርፈው ሰባቱ መልኮች ይዘረጉለትና የሚፈልገውን ይመርጣል። አንድ ጊዜ ሰ፣ በ፣ ረ፣ ለ፣ መ፣ ተ፣ ነ ደርሰውት ይሆናል እንበል። ከነዚህ ሰባት ጠጠሮች ሰላም፣ ነብር፣ ብረት፣ በረት፣ ምስር፣ ሌማት፣ ብርሌ፣ ተማሪ፣ መብራት፣ መንበር፣ ሰንበት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ትርምስ ይወጣል። እናንተም ቡና እየጠጣችሁ ብትሞክሩት ሌላ ብዙ ታገኛላችሁ።

ይህ በጣም ቀለለ የሚል ይኖራል። የሚያከብደው ሰሌዳው ነው። ጠጠሩ ካረፈ በኋላ መልኩ ስለማይለወጥ፣ አንዱ ተጫዋች ወደ ጎን «ሰባራ» ብሎ ከሠራ፣ ሌላው በመካከሉ ባለው ፊደል ላይ ወደ ታች ሲያልፍ በ ወይም ቡ ሊያደርገው አይችልም፤ ባ እንደሆነ መጠቀም አለበት። «አባት» ቢል ያልፍለታል፣ «ነብር» ቢል አያልፍለትም። ልጁ በን ከባ፣ ባን ከብ መለየት የሚገደደው በዚህች በመስቀለኛዋ ቦታ ላይ ነው። ለእኔ የጨዋታው ትምህርትነት በሙሉ ያለው እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

ስለ ሞክሼ ፊደላትም መወሰን ነበረብን። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በጨዋታው ውስጥ እንደ አንድ ጠጠር ይቆጠራሉ። ስለዚህ 33ቱ ወደ 27 ይወርዳሉ ማለት ነው። በዚህ የሚያዝኑ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ሐዘናቸውም በከንቱ አይደለም። በግዕዝ ሠዐለ ሥዕል መሣል፣ ሰአለ መለመን ነው፤ ሠረቀ ወጣ ሲሆን ሰረቀ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ፊደሉን ስንቀላቅል ይህ ልዩነት ይጠፋል። ሆኖም ከ8 ዓመት ልጅ ፊት ሰዓት አስቀምጠን «ፀሐይ» የሚጻፈው በየትኛው ፀ፣ በየትኛውስ ሐ ነው ብንለው ልጁ ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል። ያደረግነው ስምምነት የሚከተለው ነው። ልጁ በማንኛውም ቢጽፍ ነጥቡን ያገኛል፤ ቃሉ ሰሌዳው ላይ ሲጸና ግን ኮምፒዩተሩ ፊደሉን መዝገበ ቃላቱ በሚጽፈው አኳኋን ለውጦ ያሳየዋል። ሳይቀጣ ያያል፣ ሲያይ ሲያይ ይለምደዋል።

ኮምፒዩተሩን በተመለከተ ረጅም ነገር አልናገርም፤ አንዲት ነገር ግን ደስ ስለምትል ልንገራችሁ። በድሮ ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ቁጥር ይመዘግብ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጠውና ከግዕዙ ጀምሮ በተራ ተደረደረ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ከበ ወደ ባ ለመሄድ 3 መደመር ብቻ ይበቃዋል፤ ከለ ወደ ላም እንደዚሁ 3 ነው። የየኔታ ገበታ እንዳለ ወደ ቁጥር ተለውጦ ገብቷል ማለት ይቻላል፤ የጠጠሩ መልክ የሚለዋወጠውም በዚሁ ድምር ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ብዙ ክርክር የተነሣው በሰዓቱ ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በሚደረጉ የስክራብል ውድድሮች አንድ ተጫዋች ለመላው ጨዋታ 25 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ካሳለፈ በየደቂቃው 10 ነጥብ ይቀነስበታል። ለሁለት ሰው 50 ደቂቃ ማለት ነው። በዚያን ያህል ጊዜ ልጆቻችን ሦስት ጊዜ ስልካቸውን ያያሉ፣ ሁለት ጊዜ ውኃ ሊጠጡ ይወጣሉ። በሌላ በኩል የቦግልን የ3 ደቂቃ ሩጫ ብንወስድ አሸናፊው ቃል የሚያውቀው ሳይሆን እጁ የፈጠነው ይሆናል። በዚያ ላይ አማርኛ በኪቦርድ ሲጻፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ከልጅነቱ ኮምፒዩተር ሲነካካ ያደገው ልጅና ስልክ መንካት እንኳ የሚከብዳቸው እናት በኪቦርድ ይወዳደሩ ማለት ፍርድ ማጉደል ነው። ኪቦርዱን ከጨዋታው ያስወጣነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠጠሩን በጣት ወይም በማውስ መጎተት፣ ከሰባቱ መልኮች አንዱን መንካት፣ በቃ።

ለሰዓቱ ደግሞ ከቼዝ ተበደርን። ዝነኛው የቼዝ ተጫዋች ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1992 ከስፓስኪ ጋር በድጋሚ ሲጋጠም አዲስ ዓይነት ሰዓት ጥቅም ላይ ውሎ ነበር። ይህ ሰዓት ተጫዋቹ አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ጥቂት ጊዜ ይጨምርለታል። እኛም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ደቂቃ ሰጥተን፣ ትክክለኛ ቃል በሠራ ቁጥር 10 ሰከንድ እንጨምርለታለን። አንድ ሰው 12 ቃል ቢሠራ 2 ደቂቃ ያገኛል፤ እንግዲህ ለሁለት ሰው ጨዋታው ቢበዛ 14 ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ቃል የሚያውቅ ሰው ዕድሜውን እያስረዘመ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰዓቱ ይበላዋል።

ጭማሪው ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ፊደል ገና በመቁጠር ላይ ላለ ልጅ 20 ሰከንድ ይጨመርለታል። ከሁሉ የበለጠ የሚጨመርለት፣ ማለትም 25 ሰከንድ፣ ጥንድ ሆኖ ለሚጫወት ነው። ጥንድ ስል አያትና የልጅ ልጅ፣ ወይም እናትና ልጅ ማለቴ ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በማኅበራችን ውስጥ ሌማት፣ ብርሌ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድ፣ እንስራ እያሉ ቃሉን እንደ ምንጭ የሚያፈልቁ እናቶች አሉ፤ ከነሱ ጥቂቶቹ ፊደል ለመቁጠር ዕድል አላገኙም፣ ያገኙትም ቢሆኑ ዐይናቸው ደክሟል። ልጆቹ ደግሞ ፊደሉን ለይተው ቃሉን አያውቁትም። ብርሌን ያላየ ልጅ ብ፣ ር፣ ሌ ፊቱ ተደርድረው ቢያያቸው ምን ይጠቅመዋል? ጥንድ ሲሆኑ ግን ቃሉ ከእማማ አፍ ወጥቶ በልጁ ጣት ሰሌዳ ላይ ያርፋል። ልጁም «እማማ፣ ብርሌ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተጨመረው 25 ሰከንድ ለዚሁ ጥያቄ ነው። ከቶም ባይበቃው አይግረማችሁ፤ ስለ ብርሌ የጀመሩ እናት ወደ ጠጁና ወደ ሠርጉ መሄዳቸው አይቀርም።

ሰዓቱ በቁጥር ሳይሆን እየነደደ በሚያጥር ጧፍ ይታያል። ቃሉ ሳይሆን ሲቀርም ጠጠሩ በዝምታ ይመለሳል እንጂ በሌሎች ጨዋታዎች እንደሚሰማው አስደንጋጭ ጩኸት የለም። በልጅ ፊት የተጮኸባቸው እናት ሁለተኛ ወደ ኮምፒዩተሩ አይቀርቡም።

ጧፉ ቀልጦ ሲያልቅ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ የራሳችን እንቆቅልሽ መጣልን። እንቆቅልሹን መመለስ ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባል የለም? በእኛም ጨዋታ ሰዓቱ ያለቀበት ሰው በቀሩት ጠጠሮች የአንድ ከተማ ወይም የአንድ ወንዝ ስም ለመሥራት አንድ ዕድል ይሰጠዋል። የቦታ ስም በጨዋታው ውስጥ የሚፈቀደው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው። ከቻለ ያንን አገር ለባለጋራው ሰጥቶ የያዘውን ነጥብ ያተርፋል፤ ካልቻለ የቀሩት ጠጠሮች ዋጋ ይቀነስበታል። ልጆቹ ጎንደርንና መተማን በካርታ ላይ ፈልገው የሚያገኙት ከዚህ በኋላ ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስለ ነጥቡ አጠር አድርጌ ልለፍ። እንደ በትስ ሁሉ ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የእኛ ቆጠራ ሁለት ነው፣ አንዱ የዘሩ፣ ሌላው የመልኩ። ሳድስ በየገጹ እንደ አሸዋ የበዛ ስለሆነ ተጨማሪ ነጥብ አያስገኝም፤ ኃምስ ግን አልፎ አልፎ የሚመጣ በመሆኑ ሌማት ያለ ሰው ላምባ ካለው ይበልጣል።

የመጨረሻውና ከባዱ ጉዳይ ዳኝነቱ ነው። ኮምፒዩተሩ ቃሉ ትክክል ነው ወይም አይደለም ብሎ በቅጽበት መፍረድ አለበት፤ ሰዓቱ እየሄደ ነውና። እንግሊዝኛ የቃላት ዝርዝር አለው፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። በአማርኛ ግን «አልሰበረችውም» አንድ ቃል ነው፣ በውስጡም ሙሉ ዐረፍተ ነገር አለ። ከአንድ ግስ የሚወጣው ቃል በሺህ የሚቆጠር ስለሆነ ዘርዝሮ አይጨረስም። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለ፣ የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃል እየበለተ ሥሩን የሚያወጣ ፕሮግራም ሠርተዋል፤ ቴክኒኩ አለ ማለት ነው። ጥያቄው መፍቀዱ ላይ ነው። ሁሉንም ብንፈቅድ ብልጡ ልጅ በሰው ቃል ጫፍ ላይ «ም» ወይም «ን» እየቀጠለ ያሸንፋል፤ የበትስ ኤስ በአማርኛ መጣ ማለት ነው። ስለዚህ በ፣ ለ፣ ከ፣ የ ከፊት፣ ም እና ን ከኋላ አይቀጠሉም፤ አሉታም ተሳቢ ቅጥያም አይፈቀድም። ብዙ ቁጥርና የግስ እርባታ ይፈቀዳሉ።

መነሻ የሚሆኑን መዝገበ ቃላት አሉን፤ በ1951 ዓ.ም. የታተመው የከሣቴ ብርሃን ተሰማና በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ። ይሁን እንጂ በቤታችን የሚነገረው ሁሉ በነሱ ውስጥ የለም። ፍሪጅን አናገኘውም፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ ልጆቹ ከዚህ አገር ቋንቋ አምጥተው በፊደላችን የሚጽፉት ሁሉ ግን መግባት የለበትም። መሶብ ወይስ ሞሰብ? አንዱ ቤት እንዲህ፣ ሌላው ቤት እንዲያ ይላል። አንድ እናት ዕድሜ ልካቸውን ሲሉት የኖሩትን ቃል ማሽኑ «የለም» ብሎ ሲመልስባቸው፣ አጠገባቸው ያለው ልጅ የሚደርሰው ድምዳሜ አያቴ አማርኛ አታውቅም የሚል ነው። ይህ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያልተቀበለውን ቃል ሁሉ ከነተጫዋቹ ማብራሪያ እየመዘገበ ያስቀምጣል፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ አምስት የቃል ሽማግሌዎች በወር አንድ ጊዜ ተቀምጠው ይመረምሩታል፤ ሦስቱ ከተስማሙ ቃሉ ይገባል፣ ለተጫዋቹም ነጥቡ ይመለስለታል።

አገር ቤት ካሉ ዘመዶች ጋር መጫወት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ደርሶኛል። ይቻላል። መስመሩ በመቋረጡ ወይም በመዘግየቱ ማንም ሰው እንዳይጎዳ ሰዓቱን የሚቆጥረው እያንዳንዱ ተጫዋች የያዘው ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ነው። ጠጠሩ የሚላከው ከወሰደው ጊዜ ጋር ሆኖ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ጧፉም ይጠፋና ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ በጎን ባለው ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒዩተሮች ተዘጋጅተዋል። አንደኛው ለልጆች፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች፣ ሦስተኛው ለጥንዶች ነው። ለቃል ሽማግሌነት የሁለት ሰዎች ስም ተመዝግቧል፤ ሦስት ይቀሩናል። መመዝገቢያው ደብተር ቡናው በሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ከስማችሁ ጎን «በእኛ ቤት ይባላል፣ በሌላ ቤት አልሰማሁትም» የምትሉትን አንድ አንድ ቃል ከነትርጉሙ ጻፉልን። መጻፍ ለማይመቻቸው ልጆቹ ብዕር ይዘው እዚያው ይጠብቃሉ።